ለድጥ እንጂ ለማጥ አይደለም፦ የጎማ ሰንሰለት በክረምት የገጠር መንገድ

በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች የጎማ ሰንሰለት ከስኮርታ ጎማና ከክሪክ እኩል ከመኪና የማይለይ ዕቃ ነው። እኛ ዘንድ ግን እምብዛም አይታወቅም፤ የሚያውቀውም ሰው ቢሆን «የበረዶ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ክረምት ከበጋ በገጠር መንገድ ላይ ለሚሠራ ሾፌር፣ በተለይም ሥራው ወደ ጥቁር አፈር ለሚወስደው፣ ከወንበሩ ሥር ሊኖሩት ከሚገቡ ዕቃዎች አንዱ ይህ ሰንሰለት ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ይህን የምለው በአንድ ጥብቅ ገደብ ነው፦ ሰንሰለቱ የሚያወጣው ከድጥ እንጂ ከማጥ አይደለም፤ ይህን ሳይለይ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከማባከኑም በላይ መኪናውን ከነበረበት በባሰ ቦታ ይተክለዋል።

የምገመግመው ዕቃ በልዩ ልዩ የንግድ ስም የሚሸጥ፣ አሠራሩ ግን ተመሳሳይ የሆነ፣ የመሰላል ቅርጽ ያለው የብረት ሰንሰለት ነው። የጎማውን የውስጥና የውጭ ጎን ዙሪያውን የሚያቅፉ ሁለት ረጃጅም ሰንሰለቶች አሉት፤ እነዚህን የሚያገናኙ አጫጭር አግዳሚ ሰንሰለቶች ደግሞ በጎማው ጥርስ ላይ እየተጋደሙ ያልፋሉ። የአግዳሚዎቹ ብረት 7 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ቀለበቶቹ ጠመዝመዝ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ በጎማው ላይ ልጥፍ ብለው አይተኙም፣ ጠርዛቸው ወደ መሬት ይወጣል። በውጭው የጎን ሰንሰለት ላይ በቁልፍ እየዞሩ የላላውን የሚሰበስቡ ትንንሽ የብረት ማጥበቂያዎች ተገጥመዋል። በተጨማሪም መንጠቆዎች የተሰኩበት ክብ የላስቲክ መወጠሪያ ከጥንዱ ጋር አብሮ ይመጣል። የተጠቀምኩበት መኪና ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ላንድክሩዘር ፒክአፕ ሲሆን፣ ጎማው በአገራችን የመስክ መኪኖች ላይ በብዛት የሚታየው 7.50-16 ነው።

ሰንሰለት የበረዶ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከታሪኩም ጋር አይስማማም። በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው በካናስቶታ ይኖር የነበረው ሃሪ ዊድ ለጎማ ሰንሰለት የፈጠራ መብት ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ነው። በዚያን ዘመን የነበሩ አሽከርካሪዎች ጭቃ ሲበረታባቸው ጎማቸው ላይ ገመድ ይጠመጥሙ እንደነበር፣ የፈጠራው ሐሳብም ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። ስለዚህ ሰንሰለትን ወደ ጭቃ መውሰድ ዕቃውን ያለቦታው ማዋል አይደለም።

ወደ እኛ መሬት ስንመጣ ነገሩን የሚወስነው አፈሩ ነው። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሆነው መሬት ጥቁር የሸክላ አፈር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ የሚገኘው በደጋው ክፍል ነው። እንደየአካባቢው ዋልካ፣ መረሬ ወይም ኮትቻ እየተባለ የሚጠራው ይህ አፈር በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናብ ሲያገኝ ደግሞ ሸክላው ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁን ራሱ ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ውሃ ወደ ታች መስረግ ስለሚያቅተው ላይ ላዩን ይቀራል። ለሾፌር ችግር የሚሆነው ጭቃው በጎማው ጥርስ መካከል ገብቶ አለመውጣቱ ነው። ጥርሱ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ጥቂት ሜትሮች ከተነዳ በኋላ ጎማው ድቡልቡል ያለ የጭቃ ሙልሙል ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ጎማው አዲስ ይሁን ያለቀ ልዩነት የለውም።

ሰንሰለቱ ዋጋውን የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ከቱሉ ቦሎ ተነስቶ በጤፉ ወደሚታወቀው የበቾ ሜዳ የሚገባ ሰው በሰኔ መጀመሪያ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ያራሰው የመንገዱን የላይኛውን ክፍል ብቻ ነው፤ በጣት ሲጫሩት ከሥሩ ደረቅና ጠንካራ አፈር ይገኛል። ሰንሰለት ያልታሰረበት ባዶ ጎማ በዚህ ላይ አራቱም እየዞሩ ቢሆን እንኳ መያዣ አያገኝም፤ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር መኪናው ፊት ለፊት ይሄዳል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ የኋላው ክፍል ከፊቱ ለመቅደም ወደ ቦዩ ይወርዳል። በኋላ ጎማዎች ላይ ሰንሰለት ከታሰረ በኋላ ግን ያው መኪና በዚያው መንገድ ላይ በባለከባዱ፣ ማለትም ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት በሚጨምረው፣ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ሳይቸኩል ይሄዳል። ወርጄ ዳናውን ስመለከት በየአንድ ስንዝር ገደማ አግድም የተቆረጠ መስመር ነበር፤ እያንዳንዱ አግዳሚ ሰንሰለት ስሱን ድጥ ቀዶ ከሥር ያለውን ደረቅ አፈር እንደነከሰ በግልጽ ይታያል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ጭቃ ደግሞ አልተነካም ማለት ይቻላል።

ሌላው ጥቅሙ ራሱን የሚያጸዳ መሆኑ ነው። አግዳሚዎቹ ጎማው ላይ ሙሉ በሙሉ ተወጥረው ስለማይታሰሩ፣ ጎማው በዞረ ቁጥር በጥቂቱ ይንቀሳቀሳሉ፤ ይህ እንቅስቃሴ የተለጠፈውን ጭቃ እያላቀቀ ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ፓራፋንጎው ሥር የሚሰማው ድብደባ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፤ አብሮኝ የነበረ አንድ ባልደረባዬ መኪናው የሆነ ነገር የሰበረ መስሎት «ኧረ አቁም!» ብሎኝ ነበር። ድምፁ የጭቃው ነው። አሳሳቢው ድምፅ ሌላ ዓይነት ነው፤ እየቆጠረ፣ በአንድ ጎማ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚመታ የብረት ኳኳታ ከተሰማ አንድ አግዳሚ ተበጥሶ ወይም ተላልቶ ነውና ወዲያውኑ መቆም ያስፈልጋል።

በቀይ አፈር ዳገት ላይ የሰጠኝ ውጤት ከዚህም የተሻለ ነው። በጅማና በከፋ በኩል በቡና አካባቢዎች የሚገኘው ቀይ አፈር እንደ ጥቁሩ አያብጥም፤ ከዝናብ በኋላ ላዩ ሳሙና ይሆናል እንጂ ሥሩ ጽኑ ነው። ሰንሰለቱ የታሰረበት መኪና እዚያ ዳገት ላይ ተነስቶ ለመውጣት ሩጫ አያስፈልገውም፤ መሐል ላይ ቆሞ እንደገና መነሳት ይችላል። ያለ ሰንሰለት ዳገቱን በፍጥነት ለማለፍ የሚደረገውን ሩጫ፣ በተለይም ከላይ የሚወርድ አህያና እንጨት የተሸከመ ሰው ባለበት መንገድ ላይ፣ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የገጠር ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል።

የመሰላል ቅርጹ ትልቁ ድክመት በጎን መንሸራተት ላይ ይታያል። አግዳሚዎቹ የሚይዙት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው፤ መንገዱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከሆነ፣ ሰንሰለቱ ራሱ የመንሸራተቻ ሐዲድ እስኪመስል ድረስ መኪናው ቀስ እያለ ወደ ዝቅታው ይወርዳል። መካከላቸው ከፍ ተደርጎ የተሠሩ የገጠር መንገዶች ደግሞ ሁሉም ወደ ቦይ ያዘነበሉ ናቸው። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ሰንሰለቶቹ በጎማው ፊት ላይ እየተሳሰሩ አራት ማዕዘን የሚሠሩበት፣ የአልማዝ ቅርጽ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ምንጊዜም የጎማውን ፊት የሚነካ ብረት ስላለው ወደ ጎንም ይይዛል፣ ጠንከር ባለ መሬት ላይም መኪናውን እንደ መሰላሉ አያንቀጠቅጥም። ነገር ግን የአንድ ወዳጄን መኪና ባየሁት መጠን የአራት ማዕዘኖቹ ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ጥቁር አፈር ገብቶ ይጠቀጠቅበታል፤ ለቀይ አፈርና ለጠጠር እርሱን፣ ለዋልካ ግን መሰላሉን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ገደቡ እመጣለሁ። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ፣ በተለይም የላይኛው አዋሽ ሞልቶ የበቾ ሜዳ በከፊል ውሃ ሲተኛበት፣ መንገዱ ድጥ መሆኑ ቀርቶ ማጥ ይሆናል። ከሥር የሚነከስ ደረቅ አፈር የለም፤ ያበጠው ሸክላ እስከ ጉልበት ድረስ ልል ነው። በዚህ ጊዜ ሰንሰለት ያሰረ ጎማ መቆፈሪያ ነው። አንድ ዙር በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ አግዳሚ የራሱን ድርሻ ጭቃ ቆርጦ ያወጣል፤ ነዳጅ መስጫውን ጠንከር አድርጎ የረገጠ ሾፌር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ዲፈረንሻሉ ጭቃው ላይ ቁጭ ይላል። ባዶ ጎማ ቢሆን ኖሮ በቦታው እየተንሸራተተ ይዞር ነበር፤ ሰንሰለቱ ግን በእርግጥም ከድጡ ወደ ማጡ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአካፋ፣ የድንጋይና የጎረቤት ትራክተር ነው።

ስለዚህ ከመግባት በፊት ወርዶ መርገጥ የግድ ነው። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፤ ቦቲ አድርጌ መኪናው በሚያልፍበት ዳና ላይ ተረከዜን በኃይል እተክላለሁ። ተረከዜ ከቁርጭምጭሚት በታች ጠንካራ ነገር ካገኘ ሰንሰለቱን አስሬ እገባለሁ። እግሬ እየሰመጠ ከሄደ ግን ሰንሰለቱን ከጆንያው አላወጣውም፤ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ ወይም መኪናውን አቁሜ በእግሬ እሄዳለሁ። ይህን መለኪያ የሚያስረሳው የሰንሰለቱ መኖር ራሱ ነው። ዕቃውን የገዛ ሰው ሁሉንም ማለፍ የሚችል ይመስለዋልና።

አስተሳሰሩ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰንሰለት የሚታሰረው ጭቃው ከመጀመሩ በፊት፣ ጠንካራ መሬት ላይ ነው። ከተያዙ በኋላ ለማሰር መሞከር ማለት ጭቃ ውስጥ ተኝቶ በፓራፋንጎውና በጎማው መካከል እጅን እያስገቡ የማይታይ መንጠቆ መፈለግ ነው። በመጀመሪያ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ የተጠማዘዘ ቀለበት እንደሌለው ይታያል፤ አንድ ዙር የተጠመዘዘ የጎን ሰንሰለት ከታሰረ በኋላ አይስተካከልም። አግዳሚዎቹን ከጎን ሰንሰለቱ ጋር የሚያያይዙት መንጠቆዎች ክፍት አፋቸው ወደ ውጭ፣ ለስላሳው ጀርባቸው ወደ ጎማው መሆን አለበት፤ ተገልብጦ የታሰረ ሰንሰለት የጎማውን ጎን ይበላዋል። ከዚያ በጎማው ላይ ከላይ ይጣልና የቀረው ጫፍ ከጎማው ፊት ተዘርግቶ መኪናው ግማሽ ዙር ያህል ወደፊት ይሄዳል። መጀመሪያ የውስጡ መንጠቆ፣ ቀጥሎ የውጩ ይያያዛል፤ በመጨረሻ ማጥበቂያዎቹ በቁልፍ ይዞሩና ላስቲኩ ይወጠራል።

ጥቂት ርቀት ተነድቶ እንደገና ማጥበቅን የሚዘልል ሾፌር ሰንሰለቱን ሊጥል ነው። መጀመሪያ ላይ ጥብቅ የመሰለው ሰንሰለት ጎማው ጥቂት ዙር ከዞረ በኋላ ቦታውን ሲይዝ ሁልጊዜ ይላላል። የጎማ ነፋስን በተመለከተም አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል፤ ለአሸዋና ለልል መሬት ነፋስ መቀነስ የተለመደ ነው፣ ሰንሰለት ከታሰረ በኋላ ግን ነፋስ ከተቀነሰ የጎማው ቅርጽ ስለሚለወጥ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ጎኑንም ይቆነጥጠዋል። በክሪክ አንስቶ ማሰር ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ከክሪኩ ሥር ሰፊ ጣውላ ካልተደረገ ክሪኩ መኪናውን ከማንሳት ይልቅ ራሱ ወደ መሬት ይገባል።

የገዛሁት ጥንድ ጉድለቶችም አሉበት። ላስቲኩ ፀሐይና ናፍጣ ሲያገኘው ተሰነጣጠቀ፤ አሁን በእርሱ ምትክ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጦ በማዘጋጀት ጎሚስታ የሠራልኝን እጠቀማለሁ፣ እንዲያውም ከፋብሪካው ይሻላል። ማጥበቂያዎቹ በንጹሕ በረዶ ላይ ጥሩ እንደሚሠሩ አልጠራጠርም፤ ጥቁር አፈር ገብቶ ከደረቀባቸው በኋላ ግን ቁልፉ አይገባባቸውም፣ በካቻቢቴ ጫፍ መጫር ያስፈልጋል። የዚንክ ልባሱ አግዳሚዎቹ ላይ በአንድ ክረምት አለቀ፤ ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። አብሮ የመጣው የአጠቃቀም ወረቀት በረዶ ላይ የቆመ አነስተኛ መኪና ሥዕል ያለበት ነው፤ ስለ ጭቃ አንድም ቃል የለውም። የሚያስቀውም የሚያናድደውም መያዣ ቦርሳው ነው፤ ይህን ሁሉ ብረት በስስ ሸራ ቦርሳ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። በማዳበሪያ ጆንያ ተክቼዋለሁ።

አንድ ጊዜ ድንጋያማ በሆነ የወንዝ መሻገሪያ ላይ ጎማው በቦታው ሲዞር አንድ አግዳሚ ተበጥሶ የፓራፋንጎውን ጠርዝ አጠፈው። ለጊዜው በወፍራም ሽቦና በፒንሳ አያይዤው ተመለስኩ። አዲስ አበባ ስደርስ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከተራ ብረት ተበይዶ የተሠራ ምትክ ቀለበት አስገባሁበት፤ ውሎ ሳያድር ተወጥሮ ተዘረጋ። ከዚህ የምረዳው የሰንሰለቱ ዋጋ ያለው በብረቱ ጥራት ላይ መሆኑን ነው። ደህናው ሰንሰለት የሚሠራው ላዩ እንዲጠነክር ከተደረገ ብረት ነው፤ ከገበያ በሜትር የሚሸጥ የበር ወይም የከብት ማሰሪያ ሰንሰለት ገዝቶ ማስበየድ ርካሽ ቢመስልም ብየዳው ጎማ ይቆርጣል፣ ብረቱም ቶሎ ያልቃል። ፍጥነትን በተመለከተ አምራቾች በአብዛኛው የሚያስቀምጡት ጣሪያ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። በጭቃ መንገድ ላይ የዚህ ግማሽ እንኳ ብዙ ነው። አስፋልት ላይ ከተወጣ በኋላ ሰንሰለቱ መፈታት አለበት፤ አስፋልቱንም ራሱንም ይፈጫል።

መጠንን በተመለከተ «ለሁሉም ይሆናል» የሚል ሻጭን አለማመን ይበጃል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥርና በሰንሰለቱ ማሸጊያ ላይ ያለው ቁጥር መግጠም አለባቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ ጎማው ከአካሉ ጋር ያለው ክፍተት መለካት ይኖርበታል። በአሜሪካ ደረጃ መሠረት ኤስ የሚባለው ምድብ ለጠባብ ክፍተት የተዘጋጀ ሲሆን ከጎማው ፊት በላይ 37 ሚሊሜትር፣ በጎኑ 15 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈልጋል፤ ደብሊው የሚባለው የከባዶቹ ምድብ ግን 64 እና 38 ሚሊሜትር ይጠይቃል። ባለ 7 ሚሊሜትሩን ሰንሰለት አነስተኛ የከተማ መኪና ላይ ማሰር የፍሬን ቱቦና የፍሬን ሴንሰር ሽቦ ለመበጠስ መዘጋጀት ነው። በላንድክሩዘር ፒክአፕ በኋላ በኩል ችግር የለም፤ በፊት በኩል ግን መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ሰንሰለቱ ቱቦውን እንደማይነካ ሰው ወርዶ እያየ መሪውን ግራና ቀኝ ማዞር ያስፈልጋል።

ጥንዱ የትኞቹ ጎማዎች ላይ ይታሰር የሚለው ጥያቄ ብዙ ያከራክራል። አራቱም ላይ ቢታሰር ከሁሉ ይሻላል። አንድ ጥንድ ብቻ ላለው ሰው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚለውን መከተል ተገቢ ነው፤ እኔ ጭነቱ ያለው ከኋላ ስለሆነና ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የኋላውን አስራለሁ። ፊት ላይ ብቻ ሲታሰር መሪው ያምራል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ግን ፊቱ ይይዝና የኋላው ባዶ ጎማ ዞሮ ይመጣል። በቁልቁለት በባለከባዱ አንደኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳይነኩ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ማድረግ ከሁሉም የተሻለው ዘዴ ነው።

ከሌሎች አማራጮች ጋር ሲነጻጸር ሰንሰለቱ ለሜዳ ያደላል። ዊንች፣ ማለትም መኪናው ራሱን በገመድ የሚጎትትበት መሣሪያ፣ በጣም ጥሩ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን በበቾ ሜዳ መካከል የሚታሰርበት ዛፍ ከየት ይመጣል? የጭቃ ጎማ ለክረምት ጥሩ ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ አስፋልት ላይ ሲጮህና ሲበላ ይኖራል፤ ዋልካ ከሞላበት በኋላም ከተራው ጎማ ብዙም አይለይም። ከጎማ ሥር የሚደረገው የፕላስቲክ ሰሌዳ የተያዘ መኪናን ለማውጣት ከሰንሰለት ይበልጣል፤ የሚያገለግለው ግን ለጥቂት ሜትር ነው፣ ኪሎ ሜትሮች የሚቀጥል ድጥን አያሻግርም። የዲፈረንሻል መቆለፊያ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማዎችን እኩል እንዲዞሩ የሚያደርግ መሣሪያ፣ ያለው መኪና ሰንሰለቱን በእጅጉ ይረዳዋል፤ መቆለፊያ ከሌለ አንዱ ጎማ መያዣ ሲያጣ ሌላው ሰንሰለቱን ይዞ ቁጭ ይላል።

ሌላም ልጠቅሰው የምፈልገው ነገር አለ። ክረምት ላይ መንገዱ ሲበላሽ መኪኖች ወደ ማሳው ጠርዝ እየወጡ አዲስ ዳና ያወጣሉ፤ በየሳምንቱ ዳናው ወደ ውስጥ እየገባ የገበሬውን ጤፍ ይበላል። ሰንሰለት ያሰረ መኪና በዋናው መንገድ ላይ መቆየት ስለሚችል ገበሬው አይቀየመውም። መንገዱን ግን ከባዶ ጎማ የበለጠ ይቆርጠዋል፤ በመሆኑም በየቀበሌው ሕዝብ ጉልበት የተሠራ የጠጠር መንገድ ላይ፣ ጠጠሩ ደህና ባለበት ክፍል፣ ሰንሰለት ፈትቶ መሄድ ጨዋነት ነው። በየመጥፎው ቦታ ላይ መኪና ገፍተው የክፍያ ገንዘብ የሚያገኙ ወጣቶች ሰንሰለቱን ሲያዩ ፊታቸው መጥቆሩን አልደብቅም፤ አንዱማ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እንጀራችንን ሊዘጋ ነው» ብሎኛል። ነሐሴ ላይ እንደሚያገኙኝ ነግሬዋለሁ።

ዕቃውን ማግኘት ቀላል አይደለም። መርካቶ ሶማሌ ተራ አልፎ አልፎ ያገለገለ ይገኛል፤ የአንዱ ጎማ ሰንሰለት ከሌላው የተለየ ጥንድ እየሆነ ግን ያስቸግራል። ብዙዎች የሚያስመጡት ውጭ ካለ ዘመድ ነው። በተለይ በአሜሪካ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሆኑ ወገኖቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ በኮሎራዶ በአይ-70 አውራ ጎዳና ላይ በዶትሴሮና በሞሪሰን መካከል የሚያልፍ የንግድ ተሽከርካሪ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ሰንሰለት መያዝ ግዴታው ነው። የእነርሱን የትራክ ሰንሰለት ማምጣት ግን ጥቅም የለውም፤ መጠኑ ፈጽሞ የተለየ ነው። በ7.50-16 ልክ የተሠራውን የሚልክ ዘመድም ቢሆን ውለታው ከባድ መሆኑን ልናውቅለት ይገባል፤ ጥንዱ ከ23 ኪሎው ሻንጣ አብዛኛውን ይበላል፣ ብረቱ በልብስ መካከል ሲታይም ፍተሻ ላይ ማብራሪያ ይጠየቅበታል።

ከአንድ ክረምት በላይ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ያጥበው፤ ጥቁር አፈር ከደረቀ በኋላ በመዶሻ እንጂ በውሃ አይለቅም። ታጥቦ፣ ተሰቅሎ ደርቆ፣ ያገለገለ የሞተር ዘይት በጨርቅ ይቀባል። ቀለበቶቹ የሚበሉት እርስ በርስ በሚነካኩበት ጉብታ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ በጣት እየዳበሱ መመርመር ይገባል፤ ውፍረቱ በግልጽ የቀነሰ አግዳሚ ከመበጠሱ በፊት መለወጥ አለበት። ስለዚህም ለሻጩም ሆነ ለሚልከው ዘመድ ከዋጋው በፊት መቅረብ ያለበት ጥያቄ፣ ምትክ አግዳሚዎችና የመጠገኛ ቀለበቶች ለብቻቸው ይሸጣሉ ወይ የሚለው ነው። የማይሸጡ ከሆነ ያንን ጥንድ ትቶ፣ ዋጋው ከፍ ቢልም ምትኩ የሚገኝለትን መግዛት ይሻላል።